«እሸው!» ማለት ይቅርብን

ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባሉ የየካ ሜዳዎች አንድ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ሲለው ከመስመር ውጪ የሚሰማው ጩኸት አንድ ነው፤ «እሸው!»። ወጌሻው ቅባቱን ይዞ ይገባል፣ ያሸዋል፣ ልጁም እያነከሰ ይጨርሳል። ደጋፊው ያጨበጭባል፤ ጀግንነት መሆኑ ነው! በማግስቱ ግን እግሩ አብጦ ጫማ አይገባለትም።

ትኩስ ወለምታ አይታሽም፤ ማሸቱ የውስጥ ደም መፍሰሱንና እብጠቱን ያባብሳል። ልጁን ከሜዳ ማውጣት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ መያዝ፣ በባንዴጅ ማሰር፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም አጥንቱ ሲጫኑት ካመመው ራጅ ይነሳ።

ከሰፈሩ በላይ እንጦጦ ዳገት ላይ የሚሮጡትም ቢሆኑ ከተረከዝ ጅማት ጣጣ አያመልጡም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም ሲድኒ ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቁን የወሰደው ይሄው ጅማት እያመመው ነበር። ከዚያ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ወራት አረፈ፤ በነሐሴ ኤድመንተን ላይ ተመልሶ ነሐስ አገኘ። እሱ ወራት ከታገሠ የሰፈር ተጫዋች ሁለት ሳምንት ማረፍ ለምን ይከብደዋል? አሰልጣኙ ለእሁድ ስለሚፈልገው ነዋ!

ለማሊያ የሚያዋጣ ቡድን ለበረዶና ለባንዴጅም ያዋጣ።