ለሱቅ ቦርዲንግ ፓስ እናሳይ ወይስ አናሳይ?

አናሳይ

ከለንደን ወደ አዲስ አበባ የሚበር አበሻ ሻንጣውን አስረክቦ፣ ፍተሻውን አልፎ፣ ያወለቀውን ቀበቶ መልሶ ከታጠቀ በኋላም ግዢው አያልቅለትም። የተረሳች አክስት ትኖራለች፤ ያልተቆጠረ የጎረቤት ልጅ አለ። ባዶ እጅ አይገባምና የፊት ክሬምና ሁለት ሦስት ቸኮሌት አንስቶ ወደ ካሸሯ ይሄዳል። ካሸሯ ሒሳቡን ከመንገሯ በፊት «ቦርዲንግ ፓስ?» ትለዋለች። ያወጣል። ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። «መታወቂያ አሳይ» እየተባለ ያደገ ሰው ነው፤ በዚያ ላይ ያንኑ ወረቀት ከበር እስከ ፍተሻ ሲያሳይ ስለቆየ ሱቁን ከኢሚግሬሽን መስኮት ለይቶ አያየውም። ሱቆቹም ብዙ የተጠቀሙት በዚህ ልማድ ነው።

እንዴት እንደተጠቀሙ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2015 የብሪታኒያው «ኢንዲፔንደንት» ጋዜጣ ይፋ አወጣ። ያኔ ብሪታኒያ የአውሮፓ ኅብረት አባል ነበረች። ከኅብረቱ አገሮች ውጭ የሚጓዝ ሰው ከፍተሻ ወዲያ ባሉ ሱቆች ዕቃ ሲገዛ፣ ሱቁ የዚያን ሽያጭ 20 በመቶ ቫት ለመንግሥት እንዳያስገባ ይፈቀድለት ነበር። መንገደኛው የት እንደሚሄድ የሚያስረዳው ደግሞ የመሳፈሪያ ካርዱ፣ ማለትም ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ያለው ባርኮድ ነው። ዋጋው ግን በኅብረቱ ውስጥ ወዳለችው ማላጋ ለሚሄደውም አዲስ አበባ ለሚሄደውም ያው አንድ ነበር። 12 ፓውንድ የሚሸጥ ክሬም ውስጥ 2 ፓውንድ ቫት አለ። የማላጋው ሰው ሲገዛ 2 ፓውንዷ ግምጃ ቤት ትገባለች፤ የእኛው ሰው ሲገዛ ሱቁ ኪስ ትቀራለች። ዕቃው የ120 ፓውንድ የጆሮ ማዳመጫ ከሆነ የምትቀረው 20 ፓውንድ ናት። እኛ ርቀን በመሄዳችን የተሰጠ ቅናሽ ነበር፤ ለእኛ ግን አልደረሰም።

በወቅቱ በግምጃ ቤቱ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ጎክ እንኳ የቫት እፎይታው የታሰበው ለመንገደኛ ዋጋ እንዲቀንስ እንጂ ለሱቅ ሲሳይ እንዲሆን አይደለም ሲሉ ወቀሱ። ሱቆቹ ለአንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ መለጠፍ ያስቸግራል አሉ። (ለውስኪ ሲሆን ግን አያስቸግርም። በአውሮፓ ኤርፖርቶች የመጠጥ መደርደሪያ ላይ ለኅብረቱ መንገደኛና ለሌላው ተለያይቶ የተጻፈ ዋጋ ያየ ሁሉ ይመሰክራል።) ያን ሰሞን ብዙ ሰው የተገረመው ግን በገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ ክሬምና ጋዜጣ ለሚገዛ ሰው ካርድ ማሳየት በሕግ ግዴታ እንዳልሆነ በመስማቱም ነበር። ግዴታው ከቀረጥ ነፃ ለሚሸጡት ለመጠጥና ለሲጋራ ነው።

ሌላም አለ። ያ ባርኮድ ዝም ያለ ሥዕል አይደለም። ስማችን፣ የበረራው ቁጥርና ቀን፣ መነሻና መድረሻው፣ የመቀመጫው ቁጥርና የቦታ ማስያዣው ኮድ አሉበት። ያ ኮድና የአባት ስም ሲገጣጠሙ ምን እንደሚያደርጉ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቶኒ አቦት አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የቦርዲንግ ፓሳቸውን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ለጠፉ፤ አንድ የኮምፒውተር ሰው ከዚያች ፎቶ ተነስቶ የፓስፖርት ቁጥራቸውንና ስልካቸውን አገኘ። ሰውዬው ቅን ስለነበር ጉዳዩን ለሚመለከታቸው አሳወቀ። ለአንድ ቸኮሌት ሲባል ይህን ሁሉ የያዘ ወረቀት ከእጄ የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

እናሳይ

እህቴ የጻፉት ታሪክ እውነት ነው፤ እኔም ያኔ ሰምቼ ተናድጃለሁ። ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው አልሠሩትም። ያ የአዲስ አበባ መንገደኛ «አላሳይም» ቢል ምን ያገኝ ነበር? ክሬሙን 12 ፓውንድ ይገዛዋል፤ ቢያሳይም 12 ፓውንድ ነው። ልዩነቱ 2 ፓውንዷ ከሱቁ ኪስ ወጥታ የእንግሊዝ መንግሥት ግምጃ ቤት መግባቷ ነው። ለአክስት የተገዛው ክሬም በሳንቲም አልረከሰም። ለዚህ ብሎ ሰልፍ ላይ ቆሞ መከራከር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይመስለኛል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከታክስ ነፃ የሚባል ሱቅ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ዕቃው ከአገር ይወጣል፤ ስለዚህ የፍጆታ ታክሱ እዚህ መከፈል የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1947 አየርላንድ ውስጥ ሻነን ላይ የመጀመሪያው የኤርፖርት ከቀረጥ ነፃ ሱቅ ሲከፈትም አሳቡ ይኸው ነበር። ታዲያ ዕቃው መውጣቱን ማን ያረጋግጥ? ከፍተሻ ወዲያ ያለ ሰው ሁሉ ተጓዥ አይደለም። ጽዳት ሠራተኛው፣ ፖሊሱ፣ ሻንጣ ጫኙ፣ ራሷ ካሸሯም እዚያው ውለው ማታ ቤታቸው ይገባሉ። ያለ ካርድ ይሸጥ ከተባለ ከቀረጥ ነፃ ውስኪው በማግስቱ ከተማው መሐል ይቸረቸራል፤ መንግሥትም በሦስተኛው ወር ሱቁን ይዘጋዋል። በተጓዦች መካከልም ቢሆን ልዩነት አለ። ከጁላይ 1 ቀን 1999 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች መካከል የሚጓዝ ሰው ከቀረጥ ነፃ መግዛት ቀርቶበታል፤ ወደ ውጭ የሚሄደው ግን ይገዛል። ሁለቱ አንድ ሰልፍ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚለያቸው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት እህቴ ያላነሱት፣ ለእኛ አገር መንገደኛ ግን በጣም የሚጠቅመው ነው። ብዙዎቻችን የምንበረው አንድ ቦታ ወርደን አውሮፕላን ቀይረን ነው። ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ የገዛ ሰው አውሮፕላን በሚቀይርበት ኤርፖርት ሌላ ፍተሻ ካለ፣ ጠርሙሱ ከነደረሰኙ በታሸገ ልዩ ከረጢት ውስጥ ካልሆነ ሊወሰድበት ይችላል። ካሸሯ ካርዱን ስታይ የት እንደሚያርፍ ታውቃለች፣ ከዚያ ወዲያ ይቀይር እንደሆነም ትጠይቀዋለች፤ ከረጢቱን የምታሽገው በዚያ ነው። ኩዌት ለሚሄድ ሰው ውስኪ ብትሸጥለት ደግሞ ሲወርድ ጉምሩክ እንደሚወርሰው ታስታውሰዋለች፤ ደህና ካሸር ከሆነች ማለቴ ነው።

ስለ ቶኒ አቦት የተነገረው ያስቃል እንጂ አያስፈራም። ሰውየው ወረቀቱን ያሳዩት ለዓለም ሁሉ ነው። ባርኮዱን በስካነር ነክታ የምትመልስ ካሸርና ኢንስታግራም አንድ አይደሉም። የፓስፖርት ቁጥራቸውም የተገኘው ከአየር መንገዱ ድረ ገጽ ነው፤ ክፍተቱ የነበረው እዚያ ነው። ደግሞስ በክሬዲት ካርድ ከፍሎ፣ በኤርፖርቱ ዋይፋይ ስልክ እየነካካ፣ የሱቁ ካሜራ ፊቱን እየቀረጸው «መረጃዬን አልሰጥም» የሚል ሰው ምኑን እየደበቀ ነው?

አናሳይ ባይዋ ሲመልሱ

ወንድሜ «ምን ይገኛል?» ብለው ጠይቀዋል። የተገኘውን ልንገርዎ። በ2015 መንገደኞች አናሳይም ማለት በመጀመራቸው ነገሩ የጋዜጣ ወሬ ሆኖ አልቀረም፤ ከሱቆቹ መካከል ካርድ መጠየቅ ግዴታ አለመሆኑን ለሠራተኞቻቸው የነገሩ፣ ቅናሹንም ለመንገደኛ ማካፈል የጀመሩ ነበሩ። ሁሉም ሰው እንደ እርስዎ 2 ፓውንዷን ንቆ ቢያልፍ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ለውስኪው ተስማምቻለሁ፤ ድሮም አልተከራከርኩም። እኔ የምለው ስለ ቸኮሌቱ ነው። ብሪታኒያ ከኅብረቱ ስትወጣ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከመጠጥና ከሲጋራ በቀር በኤርፖርት ሱቆቿ የነበረውን የቫት እፎይታ አንስታለች። እንግዲህ ዛሬ ለንደን ላይ ለቸኮሌት ካርድ ብጠየቅ፣ ወረቀቱ የሚያስረዳው ለየትኛው ታክስ ነው? ለየትኛውም አይደለም። የቀረው የገበያ ጥናት ነው፦ የአዲስ አበባ በረራ መንገደኛ ምን ይገዛል፣ ስንት ያወጣል፣ ከበረራው ስንት ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። ይህ ለነጋዴ ገንዘብ ነው። የአውሮፓም የብሪታኒያም የመረጃ ሕግ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ለምን ዓላማ እንደሆነ እንዲናገር ያስገድዳል። የእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወደዚያው መጥታለች። ካሜራውና ዋይፋዩ አስቀድመው ወስደውኛል ማለት የቀረውን በእጄ ላድርስላቸው ማለት አይደለም። ካሸሯን ተቆጧት አላልኩም፤ «ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም። «የግድ አይደለም» ካለች ካርዱን ወደ ኪስ መመለስ ነው።

እናሳይ ባዩ ሲመልሱ

ለቸኮሌቱ ጥያቄ እጅ ሰጥቻለሁ፤ ለንደን ላይ ይጠይቁ። ዓለም ግን ሁሉ ለንደን አይደለም፤ የየአገሩ የታክስ ሕግ ይለያያል። ብዙዎቻችን ደግሞ የቱ ዕቃ በየት አገር ከታክስ ነፃ እንደሆነ አናውቅም፤ ሳያውቁ «አላሳይም» ማለት የራስን ቅናሽ መግፋት ሊሆን ይችላል።

የእህቴ ትግል ወረቀቱ ላይ ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር። ደረሰኙ ላይ ይሁን። አዲስ አበባ ካፌ ገብተን ማኪያቶ ስንጠጣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ደረሰኝ 15 በመቶ ቫቱን ለብቻው ጽፎ ያወጣልናል። የኤርፖርት ሱቅም እንዲሁ ይገደድ፦ ካርዳችንን ስካን ባደረገ ቁጥር በእሱ ምክንያት የተቀነሰልንን ታክስ በአንድ መስመር ይጻፍልን። ምንም ካልቀነሰ ዜሮ ብሎ ይጻፍ። ዜሮ ያየ መንገደኛ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ካርዱን ማውጣት አለማውጣቱን ማንም ሳይመክረው ይወስናል። ያ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ግን፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ በረራው የመጨረሻ ጥሪ እየተጠራበት ስለሆነ፣ እኔ አሳይቼ አልፋለሁ።