የሯጩን ዋጋ ያረከሰው ገበያ ተሳስቷል

ገበያ አይሳሳትም የሚል ነጋዴ ካለ፣ ኒውዮርክ ጃያንትስ የተሰኘው የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ እ.ኤ.አ. በ2023 የፈፀመውን ውል አንድ ጊዜ ቢመለከት መልካም ነው። በዚያ ዓመት ማርች ወር ላይ ክለቡ በአንድ ቀን ሁለት ውሳኔዎችን አሳለፈ። ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳሱን እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራውን ዳንኤል ጆንስን፣ በ4 ዓመት 160 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ኳሱን ታቅፎ በተከላካዮች መሃል ሰንጥቆ የሚሮጠውን ሴኮን ባርክሌይን ግን ረዥም ውል ነፍጎ፣ የ1 ዓመት ደመወዝ በ10 ሚሊዮን 91 ሺህ ዶላር ቆርጦ አስቀረው።

የውሳኔው ውጤት ለመታየት ሁለት ዓመት አልፈጀበትም። ባርክሌይ በማርች 2024 የጃያንትስ የረዥም ጊዜ ተቀናቃኝ ወደሆነው ፊላዴልፊያ ኢግልስ በ3 ዓመት 37.75 ሚሊዮን ዶላር ተሻገረ። በዚያው የውድድር ዘመን 2,005 ያርድ ሮጠ። ኢግልስም በፌብሩዋሪ 2025 ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 40 ለ22 ረትቶ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። ጃያንትስ በበኩሉ ከ17 ጨዋታ 3ቱን ብቻ አሸነፈ። 160 ሚሊዮን ዶላር የተፈረመለት ጆንስም ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ በኖቬምበር 2024 ተሰናበተ።

ለመሆኑ ሯጭ እንዲህ የረከሰው ለምንድነው? መልሱን ለማግኘት የጨዋታውን ስሌት ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ቡድን ኳሱን 10 ያርድ ወደፊት ለማስኬድ 4 ሙከራ ይሰጠዋል። 10 ያርዱን ከሞላ ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፤ ካልሞላ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። ወደፊት የሚኬደው ወይ ኳሱን በመወርወር፣ ወይ ይዞ በመሮጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ደንቡ ተሻሽሎ የተከላካዮች እጅ ከታሰረ ወዲህ ውርወራ እየገነነ መጣ። የክለቦቹ የሂሳብ ሰዎችም ቁጭ ብለው ሲያሰሉ አንድ ሩጫ በአማካይ ከ4 ያርድ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ አንድ ውርወራ ግን ከዚያ የተሻለ ያስገኛል አሉ። ሯጭ እንደ መኪና ጎማ ነው፣ ሲያልቅ በሌላ ይተካል የሚለው አስተሳሰብ በየክለቡ ጽህፈት ቤት ሥር ሰደደ።

እውነቱን ለመናገር፣ የሂሳብ ሰዎቹ ያለማስረጃ አልተነሱም። ሎስ አንጀለስ ራምስ በ2018 ለቶድ ገርሊ የ45 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ውል ሰጥቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በማርች 2020 አሰናበተው። ዳላስ ካውቦይስም በ2019 ኢዚኪየል ኤሊየትን በ6 ዓመት 90 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞ በማርች 2023 ለቀቀው። ሯጭ በየጨዋታው ሃያና ከዚያ በላይ ጊዜ ከግዙፍ ሰዎች ጋር የሚጋጭ ሠራተኛ ነው፤ ጉልበቱ ቶሎ ያልቃል። ለትናንት ሥራው የነገ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ እንደሚከስር አያከራክርም።

ይሁንና ከዚህ ተነስቶ ሩጫ ራሱ ዋጋ የለውም ማለት ሌላ ነገር ነው። አማካይ ቁጥር የማይነግራቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ተወርውሮ ያልተያዘ ኳስ ሰዓቱን ያቆማል፤ ሯጭ ሜዳው ውስጥ ሲወድቅ ግን ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል። እየመራ ያለ ቡድን በሩጫ ጊዜውን ሲበላ ተጋጣሚው ዳር ቆሞ ከመመልከት በቀር አማራጭ የለውም። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ተከላካዩ ሯጩን ፈርቶ ወደፊት ሲጠጋ ከጀርባው ሜዳው ባዶ ይሆናል፤ ያኔ ኳርተርባኩ ያለችግር ይወረውራል። በሩጫው መዝገብ ላይ 2 ያርድ ተብሎ የተጻፈ ሙከራ፣ በውርወራው መዝገብ ላይ የ40 ያርድ ትርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ሦስተኛው ማንኛውም ነጋዴ የሚያውቀው ነገር ነው። ሁሉም ወደ አንድ ዕቃ ሲሮጥ ሌላው ዕቃ ይረክሳል። ክለቦች ውርወራን ለማስቆም ሲሉ ከባድ ሰውነት ያላቸውን ተከላካዮች እየቀነሱ ቀላልና ፈጣን የሆኑትን አበዙ። በዚህን ጊዜ ጉልበተኛ ሯጭና ጠንካራ የፊት መስመር ያለው ቡድን ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ስስ አጥር ነው። ዴሪክ ሄንሪ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ቴነሲ ታይታንስን ለቅቆ በ2024 ባልቲሞር ሬቨንስን የተቀላቀለው በ30 ዓመቱ ነበር። ለሯጭ 30 ዓመት የጡረታ ዕድሜ ተደርጎ ስለሚቆጠር ዋጋው በ2 ዓመት 16 ሚሊዮን ዶላር ላይ ቆመ። በመጀመሪያው ዓመት 1,921 ያርድ ሮጦ በ16 ሩጫዎች ነጥብ አስቆጠረ።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎች አንድ ጠንካራ ክርክር ያነሳሉ። ሥራውን የሚሠራው ሯጩ ሳይሆን ከፊቱ መንገድ የሚከፍቱለት አምስቱ ግዙፍ ሰዎች ናቸው ይላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የፊት መስመሩ ከተባበረ ማንም ይሮጣል ነው ነገሩ። ቁጥሩን ማየት ይሻላል። ባርክሌይ በ2023 በጃያንትስ የፊት መስመር ጀርባ የሮጠው 962 ያርድ ነበር። በዚያው ዓመት በኢግልስ የፊት መስመር ጀርባ የሮጠው ዲአንድሬ ስዊፍት 1,049 ያርድ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ባርክሌይ ወደ ኢግልስ ሲሄድ፣ የመስመሩ አውራ የነበረው ጄሰን ኬልሲ በጡረታ ተሰናብቶ እንኳ፣ ሁለቱ ተገናኝተው 2,005 ያርድ አስገኙ።

ስሌቱ ግልጽ ነው። ጥሩ ሯጭ ያለ መስመር ሺህ ያርድ አልሞላም። ጥሩ መስመርም ያለ ታላቅ ሯጭ ከሺህ ብዙም አልዘለለም። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ምርቱ እጥፍ ገደማ ሆነ። ጥሩ በሬና ጥሩ ሞፈር ተነጣጥለው እንደማያርሱ ሁሉ፣ ሩጫም በተናጠል የሚገዛ ሸቀጥ አይደለም። ስለዚህ ክለቦች መጠየቅ የነበረባቸው ሯጭ ስንት ያወጣል ብለው ሳይሆን፣ ሯጩ ለእኛ መስመር ስንት ያወጣል ብለው ነበር።

ዋንጫው የተወሰደበት ጨዋታ ደግሞ የፍርሃትን ዋጋ በጉልህ አሳይቷል። ቺፍስ ባርክሌይን ለማስቆም ቆርጦ በመነሳቱ በ25 ሩጫ 57 ያርድ ብቻ ፈቀደለት። ለሯጭ ይህ ደካማ ቁጥር ነው። ነገር ግን ተከላካዩ ዓይኑን ባርክሌይ ላይ ሲተክል ኳርተርባኩ ጄለን ኸርትስ በውርወራ 221፣ በገዛ እግሩ 72 ያርድ አገኘና የጨዋታው ኮከብ ተባለ። የኢግልስ ተከላካዮችም ድርሻቸው ትልቅ ነበር፤ እረፍት ሲወጡ ውጤቱ 24 ለ0 ነበርና። ያም ሆኖ ባርክሌይ በዚያን ዕለት ብዙ ሳይሮጥም ሥራውን ሠርቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ የሯጩ ዋጋ ይህን ያህል ከሆነ፣ ገበያው ለምን ቀድሞ አላወቀውም? አንዱ ምክንያት ገበያው ነፃ ያልሆነ መሆኑ ነው። በ2011 በተፈረመው የኅብረት ስምምነት ከኮሌጅ የሚመጣ ተጫዋች የመጀመሪያ ውሉ በተወሰነ ታሪፍ ለ4 ዓመት ይታሰራል። በመጀመሪያው ዙር ከተመረጠ ክለቡ 5ኛ ዓመት ሊጨምርበት ይችላል። ከዚያ በኋላም ክለቡ ፍራንቻይዝ ታግ በሚባለው መብት ተጫዋቹን ለተጨማሪ ዓመት ማስቀረት ይችላል። ባርክሌይ በ2018 በሁለተኛ ተራ ቁጥር ተመርጦ በእውነተኛ ገበያ ላይ የወጣው በ2024 በ27 ዓመቱ ነው። ለኳርተርባክ ይህ የሥራ ዘመኑ መጀመሪያ ነው፤ ለሯጭ ግን ማምሻው ላይ ነው። ጉልበቱ ትኩስ በነበረበት ጊዜ ዋጋውን የወሰነለት ታሪፍ ነበር። በነፃነት ሲደራደር ደግሞ አርጅተሃል ይባላል።

የታጉ ክፍያ የሚሰላው በዚያው የሥራ ቦታ ላይ ያሉ ከፍተኛ ተከፋዮችን ደመወዝ መነሻ አድርጎ ነው። በ2023 የኳርተርባክ ታግ 32.4 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የሯጭ 10.1 ሚሊዮን ነበር። አንዱ ሯጭ በርካሽ ሲፈርም የሌላውን ታግ ያወርዳል፤ የወረደው ታግ ደግሞ ቀጣዩን ድርድር ያወርዳል። በ2022 1,653 ያርድ ሮጦ ሊጉን የመራው ጆሽ ጄከብስ እንኳ በቀጣዩ ዓመት ያገኘው ያንኑ ታግ ነው። ሯጮቹ በጁላይ 2023 በቪዲዮ ተሰባስበው ብሶታቸውን ቢለዋወጡም፣ ደንቡ የተፈረመ ስለነበር እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልተለወጠም።

ለውጡን ያመጣው ስብሰባው ሳይሆን የሜዳው ውጤት ነው። ኢግልስ በማርች 2025 የባርክሌይን ውል በ2 ዓመት 41.2 ሚሊዮን ዶላር አራዘመለት። በዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ የተፈረመለት የመጀመሪያው ሯጭም ሆነ። በሜይ ወር ደግሞ ሬቨንስ ለሄንሪ በ2 ዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ጨመረለት።

ከዚህ ተነስቶ እያንዳንዱ ክለብ ሯጭ ፍለጋ ካዝናውን ይክፈት ማለት ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። የሳንፍራንሲስኮው ክሪስቺያን ማካፍሪ በ2023 በሩጫ ሊጉን መርቶ አዲስ ውል በተፈረመለት በ2024 በጉዳት ምክንያት የተሰለፈው በ4 ጨዋታ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ሊጠበቅ ይገባል። ክለብ መጀመሪያ የፊት መስመሩን ይገንባ፤ ከዚያ ሯጩን ይግዛ፤ ውሉንም አጭር ያድርገው። ከሁሉም በላይ ለመካከለኛ ኳርተርባክ የኮከብ ዋጋ ከፍሎ፣ ኮከብ ሯጩን ተቀናቃኝ ደጃፍ አያድርስ።

ኢግልስ ከሌላው የተለየ ምስጢር አልነበረውም፤ ሌላው የናቀውን ዕቃ መርምሮ ገዛ እንጂ። የ2024 የደመወዝ ጣሪያ 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የባርክሌይ አማካይ የዓመት ክፍያ ከዚያ 5 በመቶ አይሞላም። ባርክሌይና ሄንሪ ዕድለኞች ናቸው፤ ጉልበታቸው ሳያልቅ ዋጋቸው ተመልሷል። በእነዚያ በረከሱት ዓመታት ሮጠው ጉልበታቸውን የጨረሱት ግን የሚጠይቁት ወገን የለም። ገበያ ስህተቱን ሲያርም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጂ ወደኋላ ተመልሶ አይከፍልም።