የጨርቃ ጨርቅ ንድፍ የትምህርት ዓይነት ሊሆን ይገባዋል

በአማርኛ ቋንቋ «ጥበብ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው ዕውቀትና ብልኀት ነው፤ ሁለተኛው በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚሠራው ጌጥ ነው። ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ስም ቢጠራም፣ ኅብረተሰቡ የጌጡን ሠሪ ከዐዋቂዎች ተራ ሳይቆጥረው ለብዙ ዘመን ኖሯል። ሸማው ሲወደድ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያስረዳል። ስድብን በአዋጅ መከልከል ይቻላል፤ አክብሮት ግን የሚመጣው ሥራውን ከማወቅ ነው። ስለዚህ የጨርቃ ጨርቅ ንድፍ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ሊሰጥ ይገባል የሚለው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ነው።

«ለመሆኑ ሽመና ምን ትምህርት ይጠይቃል?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ለማግኘት አንድ ነጠላ ዘርግቶ መመልከት ይበቃል። ሸማኔው በባህላዊው ዕቃ ሲሠራ መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ስለሚያሳልፍ፣ ሸማውን ክንዱ ከሚደርስበት በላይ ሊያሰፋው አይችልም። ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ሸማ ጎን ለጎን ይሰፋል፤ የሁለቱም ጥለት በስፌቱ ላይ መገጣጠም አለበት። ይህ ደግሞ በግምት የሚሆን አይደለም። ለምሳሌ አንድ ጥለት ተጀምሮ እንደገና እስኪደገም 24 የድር ክሮችን ይፈጃል እንበል። በሸማው ስፋት 960 ክሮች ቢኖሩ ጥለቱ 40 ጊዜ ይደገማል። ክሮቹ 970 ከሆኑ ግን 10 ይተርፋሉ። ትርፉ በሁለቱ ዳር አምስት አምስት ሆኖ ይከፈል ወይስ ጥለቱ ይሻሻል? ሸማኔው ይህን ሒሳብ በልቡ ይሠራዋል፤ ተማሪው ደግሞ በደብተሩ ሊሠራው ይችላል። አንድን ቅርጽ መገልበጥና ማዞር የጂኦሜትሪ ትምህርት ነው። አንዱ ቀለም በጥጥ ላይ ጸንቶ ሲቆይ ሌላው ሲታጠብ ለምን እንደሚለቅ የሚያስረዳው ደግሞ ኬሚስትሪ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በሽመና ሙያቸው ከታወቁት ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ ገና በልጅነታቸው ሸማ ሲሠሩ የሚውሉ ከትምህርት ገበታ የራቁ ሕፃናት አሉ። እነዚህ ሕፃናት ሙያውን ያውቃሉ፤ ፊደል ግን አልቆጠሩም። ፊደል የቆጠረው ተማሪ በበኩሉ የለበሰው ጋቢ እንዴት እንደ ተሠራ አያውቅም። እጅና መጽሐፍ እንዲህ ተለያይተው እስከ ቆዩ ድረስ ሁለቱም ጎዶሎ ይሆናሉ። ንድፍ በትምህርት ቤት ቢሰጥ የሸማኔው ልጅ የአባቱን ሙያ ለመማር ሲል ትምህርቱን አይተውም፤ ሌላውም ልጅ ሙያውን ሊንቅበት የሚችልበት ምክንያት ያጣል።

ጥቅሙ በኢኮኖሚም ረገድ ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለብዙ ወጣቶች የሥራ ዕድል ከፍቷል። ይሁን እንጂ በዚያ ሲሰፋ የቆየው ልብስ ንድፍ በአብዛኛው የወጣው በውጭ አገር ነው። ሰፊው የስፌቱን ዋጋ ሲያገኝ፣ ንድፍ አውጪው የሐሳቡን ዋጋ ይወስዳል። በገበያም ላይ የሸማኔን ጥለት አስመስሎ በመኪና የታተመ ርካሽ ጨርቅ ይሸጣል። ይህን ፉክክር በዋጋ ማሸነፍ አዳጋች ነው፤ አዲስ ጥለት በመፍጠር ግን መቋቋም ይቻላል።

እርግጥ ነው፣ ትምህርት ቤቶች የመሣሪያና የመምህር ችግር አለባቸው። ተማሪውም ለፈተና የሚዘጋጅባቸው ሌሎች ብዙ ትምህርቶች አሉት። ነገር ግን ለመጀመሪያው ዓመት ባለ ካሬ ወረቀት፣ ባለ ቀለም እርሳስ፣ ምስማር የተመታበት የእንጨት ክፈፍና ጥቂት ክር ይበቃሉ። በየአካባቢው ያለ ልምድ ያለው ሸማኔም አበል ተከፍሎት ከመምህሩ ጎን ቢቆም የመምህሩ እጥረት ይቃለላል። የፈተናውም ነገር ቢሆን መፍትሔ አለው፤ በእንግሊዝ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጨርቃ ጨርቅ ንድፍን በሥነ ጥበብ ዘርፍ መርጠው ይፈተኑበታል። በአገራችንም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ የሚያስተምር ተቋም አለ። ወደዚያ የሚገባ ተማሪ ክርን ከዚያ በፊት ቆጥሮ የማያውቅ ከሆነ ግን፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ሊጀምረው ይችል የነበረውን በሃያ ዓመቱ ይጀምራል።

ትምህርቱ ወደ ክፍል እስኪገባ ድረስ ተማሪው እጁን አጣጥፎ መጠበቅ የለበትም። ከቤቱ አንድ ነጠላ ወስዶ ጥለቱን ክር በክር ይቁጠር፤ እያንዳንዱን ክር በአንድ ካሬ እየወከለ በሒሳብ ደብተሩ ላይ ይገልብጠው፤ ከዚያም አንድ መስመር ለውጦ የራሱን ጥለት ያውጣ። ያን ጊዜ በሸማኔው እጅ ውስጥ ምን ያህል ዕውቀት እንዳለ ራሱ ይፈርዳል።