ሽንት ቤት ግድግዳ ሲጠጋ «ይለመዳል» አይባልም

በግንባታ ሥራ ውስጥ የምጠላው ቃል ቢኖር «ይለመዳል» የሚለው ነው። በሩ ከቁም ሣጥኑ ሲጋጭ ይለመዳል። አንዱ ደረጃ ከሌላው ሲበልጥ ይለመዳል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ግድግዳ ሥር ተሸጉጦ ሰው ትከሻውን አጣሞ ሲቀመጥም ይለመዳል ይባላል። አይለመድም። ባለቤቱ ዝም ይላል እንጂ።

አዎ፣ የዛሬው ጽሑፍ ስለ ሽንት ቤት ነው። የምትስቁ ሳቃችሁን ጨርሱና ተመለሱ። ሳኒታሪ ያስተማርኳችሁ ልጆች ግን እንዳትስቁ፤ ይሄ የናንተ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ሰው ሁሉ «መቀመጫው ግድግዳ ተጠጋ» ይላል። ከኋላ መጠጋትና ከጎን መጠጋት ግን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

የኋላውን እንይ። የሚለካው ወለሉ ላይ ካለው ቀዳዳ መሃል እስከ ኋለኛው ግድግዳ ነው። መውጫቸው ወደ ወለል ከሆኑት መቀመጫዎች ብዙዎቹ ለ30 ሳ.ሜ የተሠሩ ናቸው፤ አሜሪካ ያላችሁ 12 ኢንች የምትሉት ማለት ነው። ለ40 የሚሆኑም አሉ፣ ለ25ና ከዚያ በታች የሚሆኑም አሉ። ጥያቄው 30ው ከየት ተለካ ነው። ልጁ ቧንቧውን የሚያስገባው ግድግዳው ገና ራቁቱን ብሎኬት ሆኖ ሳለ ነው። ከብሎኬቱ 30 ለክቶ ቀዳዳውን ትቶ ይሄዳል። ከዚያ ለሳኙ ይመጣል፣ 2 ሳ.ሜ ይለስናል። ሴራሚክ የሚሠራው ይመጣል፣ ከነማጣበቂያው ሌላ 2 ሳ.ሜ ይጨምራል። ግድግዳው ጠማማ ከሆነ (ነው ደግሞ!) ለማስተካከል ሌላም ይደረብበታል። 30 የነበረው 26 ሆኖ አረፈ። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል፣ መቀመጫው ግን አይገባም።

ጉዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ አዲሱን ሴራሚክ ቦርቡሮ ታንኩን ይወትፈዋል። ሌላው መቀመጫውን ወደ ፊት ይገፋና አፉ ከቀዳዳው ጋር በደንብ ሳይገናኝ ዙሪያውን በነጭ ሲሚንቶ ይለጥፈዋል። ከላይ ሲታይ ሙሽራ ነው። ከሥር ግን ፍሳሹ ግማሹ ወደ ቧንቧው፣ ግማሹ ወደ ስላቡ ይሄዳል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የቀረውን ያውቀዋል። ከወራት በኋላ የታችኛው ጎረቤት ጣራ ቢጫ ካርታ ይሥላል፣ ሽታው ይመጣል፣ ቡና ይጠራሩ የነበሩ ሰዎች ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ሰላምታ ያቆማሉ።

ይሄኛው በሽታ ግን በሜትር ይድናል። መቀመጫ ከመግዛታችሁ በፊት ካለቀው ግድግዳ፣ ከሴራሚኩ ፊት ማለቴ ነው፣ እስከ ቀዳዳው መሃል ለኩ። 26 ከሆነ ለ25 የሚሆን ፈልጉ። መርካቶ ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁ ስቃችሁ እለፉት፤ መቀመጫውን አጋድሙና ከታንኩ ጀርባ እስከ መውጫው መሃል ራሳችሁ ለኩ። መውጫውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር የሚያሸሽ ጠማማ ማገናኛም ይሸጣል። እኔ የመጨረሻ አማራጭ ነው የምለው። ፍሰቱን ስለሚያጣምመው ለመታፈን ይመቻል፣ በተለይ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበትና በባልዲ በሚደፋበት ቤት።

የጎኑ ይብሳል፤ እዚያ ሱቅ ሄዶ የሚገዛ መፍትሔ የለም። ጠባብ መቀመጫ ብትገዙ እንኳ መሃሉ ያው ቀዳዳው ላይ ነው፣ አይነቃነቅም። ዓለም አቀፉ የቧንቧ ሥራ ኮድ ከመቀመጫው መሃል እስከ ጎን ግድግዳ ቢያንስ 15 ኢንች ይላል፣ ወደ 38 ሳ.ሜ ማለት ነው፤ በግራም በቀኝም። ከፊት ለፊት ደግሞ 21 ኢንች፣ 53 ሳ.ሜ ክፍት ቦታ። ይሄ የቅንጦት ቁጥር አይደለም። ትከሻና ክርን አለ። በውኃ የሚታጠብ ሰው ጆግ ይዞ እጁ የሚዞርበት ቦታ ይፈልጋል። እርጉዝ ሴት ስትነሣ ክንዷን ዘርግታ መደገፍ አለባት።

አንዲት የማውቃቸው እናት አሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ልጃቸው አዲስ ቤት ስትገባ ይዛቸው ገባች። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ መቀመጫው ግን መሃሉ ከጎን ግድግዳ 27 ሳ.ሜ ላይ ነው፤ እኔው ራሴ ለክቼዋለሁ። በዚያ በኩል ክንዳቸውን ማሳረፍ አይችሉም፣ በሌላው በኩል መያዣ የለም። ሁለት ጊዜ ሊወድቁ ሲሉ ግድግዳው አተረፋቸው። አሁን ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? ከሰዓት በኋላ ውኃ አይጠጡም። ማታ መነሣት ፈርተው። ልጅቷ ፖፖ ገዝታላቸው ነበር፣ «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብለው አልነኩትም። እንግዲህ ሄዳችሁ «ይለመዳል» በሏቸው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለአካል ጉዳተኞች የሚመች ሽንት ቤት እንዲኖር አዝዞ ነበር። ደግ አድርጓል። ግን ባንክና ቢሮ ስለተመቸ ብቻ አይበቃም፤ ሰው የሚያረጀው ቤቱ ውስጥ ነው።

ለጎኑ ችግር ያሉት መንገዶች ሁሉም አቧራ አላቸው። የጎኑ ግድግዳ ተራ ብሎኬት ከሆነ፣ ከጀርባው ዕቃ ቤት ወይም ኮሪደር ካለ፣ ግድግዳውን ማሸሽ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ምድር ቤት ከሆነ ወለሉን ቆፍሮ ቧንቧውን ማዞር ይቻላል። ፎቅ ላይ ግን ስላብ መብሳት ማለት የጎረቤት ጣራ ውስጥ መግባት ነው፤ ብረቱን ደግሞ እንዳትነኩ፣ መሐንዲስ ሳያይ አይሞከርም። እኔ ፎቅ ላይ የምመርጠው መውጫው ከኋላ የሆነ መቀመጫ ነው። እሱን ወደሚፈለገው ቦታ አሸሽቶ፣ ቧንቧውን ተዳፋት ሰጥቶ በኋለኛው ግድግዳ ሥር ወደ ድሮው ቀዳዳ መውሰድ፣ ከዚያ ላዩን በሴራሚክ መሸፈን። ከፊት ለፊት 15 ወይም 20 ሳ.ሜ ይበላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የፊቱን ለኩ። ለእኒያ እናትም ያልኩት ይሄንን ነው።

ይሄን ስናገር አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ እኛ እኮ ቀዳዳው ባለበት ነው የምንገጥመው» አለኝ። ግማሽ እውነት ነው። በፍሬ ሒሳብ የሚከፈለው ልጅ አልገጥምም ቢል ነገ ሌላ ልጅ ይመጣል። ደሞዙን የሚወስደው ፎርማን፣ ፕላኑ ላይ ርቀቱን ሳይጽፍ ያለፈው መሐንዲስ፣ ኮሪደሩ እንዲሰፋ ብሎ ብሎኬቱን 5 ሳ.ሜ ወደ ሽንት ቤቱ ያስገባው ግንበኛ፣ እነሱ ናቸው ቀድመው መጠየቅ ያለባቸው። የቀረው ግማሽ ግን የናንተ ነው። ቀዳዳውን የተወው ከናንተ ሙያ የሆነ ሰው ነው። ካላለቀ ግድግዳ ስትለኩ የልስኑንና የሴራሚኩን 4 ሳ.ሜ ጨምሩ፣ 30 ለሚል መቀመጫ ከብሎኬቱ 34 ማለት ነው። ተበላሽቶ ካገኛችሁት ደግሞ ለባለቤቱ ንገሩት፣ ለፎርማኑ ብቻ አይደለም። በቴሌግራም አንድ መስመር ጽፋችሁ ላኩለት፤ ነገ ጣራው ሲያፈስ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ያኔ ይለያል።

ቤት የምታሠሩ ደግሞ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት አንድ ቀን ሳይት ሂዱ። የቢራ ሣጥን ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አድርጉና ከሠራተኞቹ ገዘፍ ያለውን አስቀምጡበት። ክርኑ ግድግዳ ከነካ ሥራው ይቁም። መሳቂያ ትሆናላችሁ፣ ግድ የላችሁም።

ፎቶ እየላካችሁ «ምን ይሻላል» የምትሉኝ፣ ፎቶ አይበቃኝም። ከቀዳዳው መሃል እስከ ኋላ ግድግዳ፣ ከመሃሉ እስከ ግራና ቀኝ፣ ከመቀመጫው ጫፍ እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ወይም በር ለኩና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነም አትርሱ። ማታ ማታ እመልሳለሁ። የድሮ ተማሪዎቼም መልሱ እንጂ ላይክ ብቻ አድርጋችሁ አትጥፉ።