ደመወዝ ሲቀነስ ዱቤው የማን ነው?

«ደመወዝ የሠራተኛውና የአሠሪው ጉዳይ ነው፤ ነጋዴው ምን አገባው?» የሚል አስተሳሰብ በገበያ ውስጥ የተለመደ ነው። ይሁንና እንደ አርባ ምንጭ ባለ ከተማ ይህ አስተሳሰብ ከሒሳብ ጋር አይታረቅም። በሴቻ ቢሮዎች፣ በዩኒቨርሲቲው፣ በሆስፒታሉና በትምህርት ቤቶች የሚከፈለው ደመወዝ ብዙ ሳይቆይ ወደ ሲቀላ ወርዶ በእህል ሱቅ፣ በልብስ መደብር፣ በምግብ ቤትና በባጃጅ ይበተናል። ስለዚህ ደመወዝ ሲቀነስ የመጀመሪያው ተጎጂ ሠራተኛው ቢሆንም ሁለተኛው ዱቤ የሰጠው ባለሱቅ ነው።

ለመሆኑ የደመወዝ ቅነሳ ሲባል ምን ማለት ነው? በአገራችን በሦስት መልክ ይመጣል። አንደኛው አሠሪው ሥራ ቀዝቅዞበት በግልጽ የሚቀንሰው ነው። ሁለተኛው በከፊል ወይም ዘግይቶ የሚከፈለው ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ በወላይታ ጭምር በተለያዩ አካባቢዎች መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዛቸው ሲዘገይና ሲቆራረጥ ታይቷል። ሦስተኛው ማንም ሳይፈርምበት የሚመጣው ነው፤ ይኸውም የዋጋ ንረት።

ይህ ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት 37.2 በመቶ ነበር። በዚያ ዓመት ደመወዙ ያልተነካ ሠራተኛ 1,000 ብሩ ከዓመት በፊት 730 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ገዛለት። አሠሪው ደመወዙን በ27 በመቶ ቀንሻለሁ ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍለት ኖሮ አቤት የማይልበት ቦታ አልነበረም።

ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም የሆነው ተመሳሳይ ነው። መንግሥት በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛውን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር አሳድጓል። ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492፣ ቀጥሎም ወደ 39,000 ብር ደርሷል። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ከፍተኛው ደመወዝ 359 ዶላር ያህል ነበር፤ ዶላር ከ140 ብር ባለፈበት በመስከረም 2018 ዓ.ም. ግን 39,000 ብሩ 280 ዶላር አይሞላም። ዝቅተኛው በአንፃሩ ከ26 ዶላር ወደ 43 ገደማ ከፍ ብሏል። እርግጥ ነው፣ ሠራተኛው በዶላር አይሸምትም። ነገር ግን ነዳጁ፣ መድኃኒቱና የምግብ ዘይቱ በዶላር ነው የሚመጡት። ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው አይሱዙም የሚነዳው በዚሁ ነዳጅ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አብዛኛው ምክር «ወጪህን ቀንስ» የሚል ነው። ምክሩ ስህተት የለበትም፤ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ጤፉን በበቆሎና በቆጮ የተካ፣ ሥጋውን ለበዓል ብቻ ያደረገ ቤተሰብ ከዚህ በላይ የሚቀንሰው የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ነው። «ሙዝ ትከል» የሚሉም አሉ። ሙዝ መሬትና ውኃ ይፈልጋል፤ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥም አንድ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ለነገ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ወር ቀለብ ግን አይሆንም።

ይልቅስ ሸክሙ በሦስቱ ወገኖች መካከል በሥርዓት ቢከፋፈል ይሻላል።

የመጀመሪያው አሠሪው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል አሠሪ ብቻውን ተነስቶ ደመወዝ መቀነስ አይችልም፤ መስማማት ያስፈልጋል። ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን፤ መጠኑ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ይታወቅ። ገበያ ቀዝቅዞ ደመወዙ ሲቀነስ የሥራው ሰዓትም አብሮ ቢቀነስ ሠራተኛው በቀረው ጊዜ ሌላ ገቢ ይፈልጋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን ሙሉውን መክፈል ካቃተው ምን ያህል በየትኛው ቀን እንደሚከፍል አስቀድሞ ያስታውቅ። ቀኑ የታወቀ ሦስት አራተኛ ደመወዝ መቼ እንደሚመጣ ከማይታወቅ ሙሉ ደመወዝ ይበልጣል፤ በታወቀ ቀን ላይ ዕቅድ ይወጣል፣ ባልታወቀ ቀን ላይ የሚወጣው ብድር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ባለሱቁ ነው። ያው አዋጅ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ነጋዴው በሕግ ባይገደድም ይህንኑ ልክ ለዱቤ መዝገቡ ቢወስደው ያተርፋል። ምሳሌ ይወሰድ። 9,000 ብር የሚያገኝ ደንበኛ 3,000 ብር ዱቤ አለበት እንበል። በዚያ ወር ግማሽ ደመወዝ፣ ማለትም 4,500 ብር ተከፈለው። ባለሱቁ ሙሉ ዕዳውን ከተቀበለ ለቤተሰቡ የሚተርፈው 1,500 ብር ነው። ደንበኛው በሳምንቱ ለአዲስ ዱቤ ይመለሳል፤ አለዚያም አፍሮ ሱቅ ይቀይራል። ከተከፈለው አንድ ሦስተኛውን፣ ማለትም 1,500 ብር ተቀብሎ ቀሪውን ወደሚቀጥለው ወር ቢያሻግር ግን ቤተሰቡ 3,000 ብር ይኖረዋል፤ ነጋዴውም ደንበኛውን አያጣም። ይህ ጽድቅ አይደለም፤ ንግድ ነው።

ሦስተኛው ሠራተኛው ራሱ ነው። በሙሉ ደመወዝ የተገባ ዕቁብ በግማሽ ደመወዝ አይዘለቅም። ከመጥፋት ይልቅ ለሰብሳቢው ቀድሞ ነግሮ ከሙሉ ዕጣ ወደ ግማሽ መውረድ ስምንም ዋስንም ያድናል። የወር ገቢ ባነሰ ቁጥር የልብስ ስፌት መኪናን ወይም የሽመና ዕቃን መሸጥ ደግሞ ነገ የሚመጣውን ገቢ ዛሬ መብላት ነው። ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ቤተሰቦች በክፉ ቀን የያዙት ሽመናውንና የእንሰት ጓሯቸውን ነው፤ ሁለቱም ሲሸጡ በቶሎ ያልቃሉ፣ ሲያዙ ግን ያበላሉ።

ለነጋዴውና ለባለሀብቱ የሚቀረው ቁምነገር አንድ ነው። በአርባ ምንጭ ሱቅ ወይም ሕንጻ ለመክፈት የሚያስብ ሰው የመሬቱን ዋጋና የቱሪስቱን ብዛት ብቻ አይቁጠር። የከተማው ደመወዝ በየትኛው ቀን እንደሚከፈልና ምን ያህል እንደሚከፈል ይጠይቅ። የሲቀላ ገበያ የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም በዚያ ቀን ነው።