ቁጥሩ ልክ ነው፤ ጭሱስ?

«ጋሼ፣ ሞተሩ ንጹሕ ነው፤ የቆሸሸው ወረቀቱ ነው» አለኝ የእህቴ ልጅ።

ሸኸዲና መተማ መካከል ሰሊጥም ሰውም እያመላለሰ የሚኖር ልጅ ነው። ሀብቱ አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናት። የቤንዚን ሞተሯ አርጅቶ ዘይት መጠጣት ሲጀምር አስወረደና ያገለገለ ግን ጤነኛ የናፍጣ ሞተር አስገጠመላት። ቦሎ ሊያወጣ ሲሄድ እኔም አብሬው ነበርኩ።

ከፊታችን አንድ አይሱዙ ተሰልፏል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ግቢው ጨለመ። እኛ መሃረብ አፍንጫችን ላይ አድርገን ስንስል፣ መርማሪው ሊብሬውን ገልጦ የሻንሲ ቁጥር አየ፣ የሞተር ቁጥር አየ፣ መብራትና ፍሬን አየ። አለፈ! የእኛ ተራ ደረሰ። ሞተሯ ተነሣ፤ ጭስ የሚባል የለም። ግን የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አልገጠመም፤ የነዳጁም ዓይነት እንዲሁ። ወደቅን።

በእውነት ለመናገር ጥፋቱ የእኛ ነው። ሞተር የቀየረ ሰው አስቀድሞ ማስመዝገብ ነበረበት። የተሰረቀ ሞተር በየጋራዡ እንዳይዞር ቁጥር መታየት አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው በዚያ አይሱዙ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ስሙ «የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ» ነው። መለየቱንና መመዝገቡን አየሁ። መመርመሩስ የት ሄደ? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ርዕሱንና የደራሲውን ስም ሸምድዶ «መጽሐፉን አንብቤዋለሁ» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም ነበር። ያን ዕለት እሱን አስታወስኩ።

ጭስ እኮ የሚነበብ ነገር ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በቅጡ አልተቃጠለም፦ ፖምፓው አብዝቶ ይረጫል፣ ኖዝሉ አልቋል ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኗል። ሰማያዊ ከሆነ ፋሻው አልቆ ዘይት እየነደደ ነው። ይህን የጋራዥ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ስለሚያውቀውም የምርመራው ዋዜማ ፖምፓውን ይቀንሳል፤ ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ መልሶ ይጨምረዋል። የእኛ አይሱዙ ግን ለማታለል እንኳ አልደከመም፤ የሚጠይቀው እንደሌለ ያውቃላ!

ደግሞ የቆላው ነገር አለ። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ናት፤ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ። እታች በወፍራሙ አየር የተስተካከለ ፖምፓ፣ ተርቦ በሌለው ሞተር ላይ፣ ወደ አይከል ዳገት ሲወጣ አየሩ ይሳሳበታል፤ ናፍጣው ግን ያው ነው። ስለዚህ ሰሊጥ ጭኖ የሚወጣ መኪና ሁሉ ዳገቱን እያጠቆረ ይወጣል። አንድ ቦታ ቆሞ የተመረመረ መኪና ሌላ ቦታ ሌላ መኪና ነው ማለት ነው።

«ደሃ አገር ነን፣ ጭስ መለካት ቅንጦት ነው» የሚሉኝ አሉ። እስቲ ጭሱን የሚስበው ማን እንደሆነ ንገሩኝ። በሰሊጥ ወቅት በጭነት መኪና ላይ ተደራርቦ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው። መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ የምትውለው ሴት ናት። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ በዚያው መንገድ ልጆቹን ይዞ የገባው ስደተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ የፈረጀው እኮ በ2004 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ለሁሉም ሰው መብት ነው ይላል፤ ባለመኪና ለሆነው ብቻ አላለም።

ሠልጥነዋል የምንላቸውም መላእክት አይደሉም። ቮልስዋገን ምርመራ ላይ ሲሆን ብቻ ጨዋ የሚሆን ሶፍትዌር 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ውስጥ ከትቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጋልጧል። ግን የተጋለጠው መንገድ ላይ፣ ከጭስ ማውጫው የለካ ሰው ስለተገኘ ነው። ካሊፎርኒያ ሞተር መቀየር አይከለከልም፤ የሚገባው ሞተር ከመኪናው የሞዴል ዘመን እንዳያረጅ፣ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎቹም ተሟልተው እንዲመጡ ግን ይጠየቃል።

ነገሩ ለእኛ የሚብሰው ወደፊት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ፤ ይሁን። ግን የገባው አሮጌ መኪና አይሞትም፤ ሞተር እየቀየረ ይኖራል። ሸኸዲ ያለ ሹፌር ነገ ኤሌክትሪክ መኪና አይገዛም። ስለዚህ ሞተር መቀየርን እንደ ወንጀል ማየቱ ይቅርና እዚያው ቆላው ድረስ ወርዶ የሚመዘግብ ይመደብ። ጭስ የሚለካ መሣሪያ ጭስ ማውጫው ላይ ይደረግ፤ የተነበበው ቁጥር ቦሎው ላይ ይጻፍ። ከዳገቱ ላይም አልፎ አልፎ አንድ የሚለካ ሰው ይቁም።

የእህቴ ልጅ ወረቀቱን ለማስተካከል ስንት ቀን ሥራ ፈትቶ እንደተመላለሰ ባልናገር ይሻላል። በመጨረሻ ቦሎውን አገኘ። ከሸኸዲ ወደ ጎንደር ስንወጣ ዳገቱ ላይ ከፊታችን አንድ አይሱዙ ያቃስታል። ለመቅደም ስንጠጋ መንገዱ ጠፋን። የእህቴ ልጅ በዚያ ሙቀት መስኮቱን እስከ ላይ ዘጋ። ስናልፈው ዘወር ብዬ አየሁት፤ መስተዋቱ ላይ የዘንድሮ ቦሎ ተለጥፏል።