120 ቀን በሐኪም ካርድ ላይ ስንተኛው ሳምንት ነው?



«በአገራችን በዓመት ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ሕፃናት በማህፀን ይገደላሉ» የሚል ነገር በየግሩፑ ሼር የምታደርጉ ወንድሞች፣ ቁጥሩን አንዴ እንመርምረው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ለ2014 በኢትዮጵያ 620,300 ገደማ ጽንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ገምተዋል። ግምት ነው፤ ከጤና ተቋም ውጭ የሚደረገውንም ይጨምራል። ስንቱ በስድስተኛው፣ ስንቱ በሃያኛው ሳምንት እንደሆነ ድምሩ ብቻውን አይነግረንም። ለሙስሊም ደግሞ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ሩሕ ከመነፋቱ በፊት ባለው ጊዜ ዑለማዎች ይለያያሉ። ከ120 ቀን በኋላ ግን ለእናቲቱ ሕይወት ካልተሰጋ በቀር በሩ ዝግ ነው። የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 መካ ላይ፣ ጽንሱ የአካል ጉድለት ቢኖርበት እንኳ ከ120 ቀን በኋላ ማስወረድ እንደማይፈቀድ ወስኗል።

ታዲያ ብዙ ዳዒዎች የሚዘሏት ነገር አለች። ሐኪም የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ ነው፤ ጽንሱ የሚያዘው ግን ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ 120 ቀን በካርዱ ላይ 17ኛ ሳይሆን 19ኛ ሳምንት አካባቢ ይውላል። ከ12 ሳምንት ያለፈውን ሁሉ በአንድ ሳጥን የሚከት ሪፖርት ሐራሙን ከኺላፉ አይለይልንም።

በሌላ በኩል «አሜሪካ ውስጥ ከ21 ሳምንት በኋላ የሚደረገው አንድ ከመቶ ገደማ ነው፣ ምን ያንጫጫችኋል?» የሚሉ አሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን የአሜሪካ ነው። እዚያም ቢሆን ካሊፎርኒያን የሚያህል ግዛት መረጃውን ለፌዴራሉ ተቋም አይልክም። እዚህ ከገጠር ለቤት ሠራተኝነት መጥታ የተደፈረች ልጅ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ቢፈቅድላትም፣ አሠሪዋን ፈርታና ብር አጥታ ሆዷ እስኪገፋ ትደብቃለች። የእሷን ጉዳይ በአትላንታ ሴት ቁጥር መለካት ቀልድ ነው።

ሐኪም ሳምንቱን ሳያውቅ አገልግሎቱን አይሰጥም፤ መረጃው ካርድ ላይ አለ ማለት ነው። የምንጠይቀው ስም ሳይነካ በየሳምንቱና በየክልሉ ተደምሮ እንዲታተም ነው። «ውርጃ» በሚለው አንድ ቃል በራሱ የጨነገፈው ከተቋረጠው ጋር አይቀላቀል፤ ጽንሷ የጨነገፈባትን እህት ከነፍሰ ገዳይ ጋር መደመር ግፍ ነው።

መጅሊሱ ይህን በደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር ያቅርብ። ሚምበር ላይ ሴቶችን መውቀስ ይቀላል። የዘገዩት የሚበዙበት ከተማ ከታወቀ ግን የዚያ ከተማ መስጂድ የሰደቃውን ሳጥን ለማን ቀድሞ እንደሚከፍት ያውቃል።